የቤተሰብ ታሪክ ለምን ይደጋገማል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቡና ተፈልቶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ "እስቲ ያችን ታሪክ ንገሪያቸው" ሲባል ያልሰማ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ታሪኳን ከዳር እስከ ዳር ያውቃታል። ቢሆንም ሁሉም ጆሮውን ይሰጣል። ከዚህ በታች ያሉት ወላጆች፣ ልጆችና ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶች ስለዚህ ልማድ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ሁላችንም የምናውቀውን ታሪክ ለምን ደግመን እናወራለን?

መጨረሻውን ለመስማት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የምንደግመው በታሪኩ ውስጥ ሁላችንም ድርሻ ስላለን ይመስለኛል።

እኛ ቤት የምትወራ አንዲት ታሪክ ልንገራችሁ። አባቴ በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ተልኮ ነበር። የከተማ ልጅ ነው፤ እርፍ ጨብጦ አያውቅም። አንድ ቀን ገበሬዎቹን ላግዝ ብሎ ሊያርስ ተነሳ። በሬዎቹ ሰውየው ሥራውን እንደማያውቅ ወዲያው ገባቸው። ማሳውን ትተው፣ እሱን ከነእርፉ እየጎተቱ፣ ቀጥ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ታሪኩን የሚጀምረው አባቴ ነው። በሬዎቹ መንገድ ሲቀይሩ ግን እናቴ ትቀበለዋለች። እናቴ እዚያ አልነበረችም፤ ያኔ ጭራሽ አይተዋወቁም። ግን የበሬዎቹ ባለቤት ሚስት ከደጃፏ ቆማ "ልጄ፣ ዛሬስ አንተን ነው ያረሱህ!" ያለችውን እናቴ ካልተናገረችው ታሪኩ አይጣፍጥም። አባቴም ይህን ስለሚያውቅ እዚያ ጋ ሲደርስ ዝም ብሎ ይጠብቃታል።

ብዙ ቤት እንዲህ ነው። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላዋ "ኧረ እሱ በኋላ ነው!" ብላ ታርማለች፣ ትንሹ ልጅ ሳቁ የሚመጣበትን ቦታ ቀድሞ ይይዘዋል። ሲታይ ተራኪው አንድ ሰው ነው። ታሪኩን በሕይወት ያቆዩት ግን አዳማጮቹ ናቸው። "ከዚያስ?" የሚል ሰው የጠፋ ዕለት የትኛውም ጎበዝ ተራኪ ብቻውን ታሪክ አያቆይም።

አዲስ ሙሽራ ወይም አማች ቤተሰብ ሲቀላቀል ይህን በደንብ ማየት ይቻላል። መጀመሪያ ታሪኩ የሚወራው ለእሱ ሲባል ነው፤ እንግዳ ነዋ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እሱ ራሱ ለሌላ እንግዳ ሲያወራ ይሰማል። ካወራም አልፎ አማቱን "አይ፣ በቅሎዋ ሳትሆን ፈረሱ ነው" ብሎ ያረመ ቀን የቤቱ ሰው ሆኗል።

ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ሞሪስ አልብዋክስ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው ሥራው ሰው ለብቻው እንደማያስታውስ ጽፏል። ትዝታ የሚጸናው አብረውን የሚያስታውሱ ሰዎች ሲኖሩ ነው ይላል። ለቤተሰብም ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ቤተሰብ ተሰብስቦ በሚያወራበት ቤት ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ሐሳብ አይሆንበትም።

ልጄ ማታ ማታ ያንኑ ተረት "ድገሚልኝ" ትላለች። አይሰለቻትም?

አይሰለቻትም። የሚሰለቸው አብዛኛውን ጊዜ ወላጅ ነው። ትንሽ ልጅ ቀኑን ሙሉ የምትውለው ሌሎች በወሰኑላት ነገር ነው፤ መቼ እንደምትበላ፣ መቼ እንደምትታጠብ፣ መቼ እንደምትተኛ። ተረቱ ውስጥ ግን ጅቡ መቼ እንደሚመጣ እሷ ታውቃለች። ይህ ለልጅ ትልቅ ነገር ነው።

ለትምህርትም ይጠቅማታል። በእንግሊዝ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ጄሲካ ሆርስትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ለሦስት ዓመት ልጆች አዳዲስ ቃላት ያሉባቸውን ታሪኮች አነበቡላቸው። አንዳንዶቹ ልጆች ያንኑ ታሪክ ደጋግመው ሰሙ። ሌሎቹ የተለያዩ ታሪኮችን ሰሙ። አዲሶቹን ቃላት ሁለቱም ወገኖች እኩል ጊዜ ነው የሰሟቸው። ቃላቱን በተሻለ የያዙት ግን አንዱን ታሪክ ደጋግመው የሰሙት ናቸው። ታሪኩን አስቀድሞ ያወቀ ልጅ ሐሳቡን ለአዲሱ ቃል መስጠት ይችላል።

የእኛ የተረት ልማድ ደግሞ ልጁን ከመጀመሪያው ድርሻ ይሰጠዋል። "ተረት ተረት" ሲባል "የላም በረት" የሚል ከሌለ ተረቱ አይጀመርም። ተስፋዬ ሣህሉ፣ ሁላችንም አባባ ተስፋዬ የምንላቸው፣ ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አንስቶ ለአሥርተ ዓመታት ለልጆች ተረት አውርተዋል። "ጤና ይስጥልኝ ልጆች!" ብለው ትንሽ ቆም ሲሉ በየቤቱ ያለ ልጅ ለቴሌቪዥኑ ጮክ ብሎ ይመልስ ነበር። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ብዙ ትልልቅ ሰዎች የሚያወሩት ያንን ሰላምታ ነበር።

ከሰለቸዎት አንድ መላ አለ። አውቀው ይሳሳቱ። "ከዚያ ጦጣዋ ዳቦ ጋገረች" ይበሉ። ልጅዎ ከአልጋዋ ተነስታ ታርምዎታለች። ያኔ ተራኪዋ እሷ ሆነች ማለት ነው።

የቤተሰቡን ታሪክ የሚያውቅ ልጅ ጠንካራ ይሆናል ይባላል። እውነት ነው?

ይህን አባባል ያስፋፉት በአሜሪካ አትላንታ፣ ኢሞሪ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ማርሻል ዱክና ሮቢን ፊቩሽ ናቸው። ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋለችው የዱክ ባለቤት ሣራ ናት። እሷም የሥነ ልቦና ባለሙያ ነች፤ የምትሠራው የመማር ችግር ካለባቸው ልጆች ጋር ነበር። ስለ ቤተሰባቸው ብዙ የሚያውቁ ልጆች ችግር ሲገጥማቸው የተሻለ እንደሚቋቋሙ ለባሏ ነገረችው። እነ ዱክ 20 ጥያቄዎች አዘጋጁ። "አያቶችህ የት እንዳደጉ ታውቃለህ?"፣ "እናትና አባትህ እንዴት እንደተገናኙ ታውቃለህ?"፣ "ስትወለድ ምን እንደነበር ታውቃለህ?" የመሳሰሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 ልጆችን ጠየቁ፣ ቤተሰቦች ራት ሲበሉ የሚያወሩትንም ቀዱ። ብዙ የሚያውቁት ልጆች በራሳቸው የሚተማመኑና ሕይወታቸው በእጃቸው እንዳለ የሚሰማቸው ሆነው ተገኙ።

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። ልጅን አስቀምጦ የአያቶቹን ስም ማሸምደድ ይህን ውጤት አያመጣም። ተመራማሪዎቹም ይህንኑ ብለዋል። ልጁ እነዚህን ነገሮች ያወቀው የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ ስላወራው ነው። ራት አብሮ ስለተበላ፣ አያት ቤት ስለተኬደ ነው። ልጁን የጠቀመው ያ ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላም ያስተዋሉት አለ። "ከምንም ተነስተን እዚህ ደረስን" ብቻ የሚል ቤተሰብ አለ። "ሁሉ ነበረን፣ ሁሉን አጣን" ብቻ የሚልም አለ። ለልጅ የሚበጀው ግን ሁለቱም ያሉበት ታሪክ ነው። አያትህ ሱቅ ነበረው፣ በአዋጅ ተወረሰ፣ አክስትህ ተምራ ነርስ ሆነች፣ አጎትህ ታሰረ፣ ተፈታ፣ እንደገና ጀመረ፤ እኛም አብረን ነበርን። እንዲህ የሰማ ልጅ የራሱ መጥፎ ቀን ሲመጣ የዓለም መጨረሻ አይመስለውም።

አጎቴ ሲያወራ ታሪኩ በየዓመቱ ይጨምራል። እየዋሸ ነው?

በአብዛኛው አይደለም። ትዝታ ተጽፎ የተቀመጠ ነገር አይደለም፤ በተወራ ቁጥር እንደገና ይሠራል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ሊቅ ፍሬደሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጥናት እንግሊዛውያን ተማሪዎችን የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሚያወሩትን አንድ ተረት አስነበባቸው። ከዚያ በተለያየ ጊዜ ደግመው እንዲጽፉት ጠየቃቸው። ያልገባቸውን ጣሉ። የማያውቁትን በሚያውቁት ተኩ። ታንኳው ጀልባ ሆነ፤ የባሕር እንስሳ አደኑ ዓሣ ማጥመድ ሆነ። አንዳቸውም ሊያታልሉ አልፈለጉም።

አጎትዎም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በዚያ ላይ አዳማጩ ምን ሲባል እንደሚስቅ ያውቃል፤ ስለዚህ ያን ቦታ ያደምቀዋል። ጅቡ አንድ ከነበረ ሦስት ቢሆን ማንም አይጎዳም። የመሬት ውርስ፣ የዕዳ ወይም የሰው ስም ጉዳይ ሲሆን ግን ማጋነን ሰው ይጎዳል። እዚያ ጋ በአክብሮት "አጎቴ፣ እሱ እንኳ እንዲህ አልነበረም" ማለት ይገባል።

እኔና እህቴ አንዱን ታሪክ በሁለት መንገድ ነው የምናወራው። ማን ትክክል ነው?

ሁለታችሁም ልትሆኑ ትችላላችሁ። እሷ ዘጠኝ ዓመቷ፣ አንተ አራት ዓመትህ ነበር። እሷ የእናታችሁን ፊት አየች፤ አንተ ከጠረጴዛ ሥር ሆነህ እግር ብቻ አየህ። ሁለቱንም ያዟቸው።

አያቴ የምታወራው ስለ ወጣትነቷ ብቻ ነው። ለምን?

ይህ የእርስዎ አያት ብቻ አይደለችም። አዛውንቶች ከሕይወታቸው አስታውሱ ሲባሉ በብዛት የሚያነሱት ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመታቸው ድረስ የሆነውን እንደሆነ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። በዚያ ዕድሜ ብዙ ነገር የመጀመሪያ ነው። የመጀመሪያ ፍቅር፣ ትዳር፣ የመጀመሪያ ልጅ፣ ከአገር ቤት ወደ ከተማ መምጣት። ደጋግመውም ያወሩት እሱን ነው፤ ስለዚህ ጸንቶ ቀረ።

ያንኑ ታሪክ በየበዓሉ መድገምና በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ጊዜ እንደ አዲስ መጀመር ግን የተለያዩ ናቸው። ቁርስ መብላታቸውን ከረሱ፣ የለመዱት መንገድ ከጠፋባቸው፣ የቤት ሰው ስም ከተምታታባቸው "እርጅና ነው" ብሎ መተው አይገባም። ሐኪም ጋ ይውሰዷቸው። የመርሳት ሕመም ቢሆን እንኳ የድሮው ታሪክ ብዙ ጊዜ ቶሎ አይጠፋም። "ነግረሽኛል እኮ!" ማለት ያሳፍራቸዋል። ይልቅ ቀጣዩን ያቀብሏቸው፤ "ከዚያ ወንዙ ሞልቶ ነበር አይደል?" ብሎ ማስቀጠል ከክርክር ያድናል።

ስለ መከራ ዘመን ለልጆች መንገር ይገባል?

ይገባል። እንዴት እንደሚነገር ግን ማሰብ ያስፈልጋል።

በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት አንድ የማይነካ ዘመን አለ። ለአንዱ ቀይ ሽብር ነው፣ ለሌላው የ1977ቱ ረሃብ፣ ለሌላው ጦርነት ወይም የበረሃ ጉዞ። ልጅ ዝምታውን ያውቀዋል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የወጣት ፎቶ ያያል። "ይሄ ማነው?" ሲል "አጎትህ ነው" ይባልና ወሬው ይቀየራል። ያልተነገረውን ልጁ በራሱ ግምት ይሞላዋል፤ ግምቱም ከእውነቱ የባሰ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ባለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የፎቶ ረድፎቹ ፊት ቆመው የዘመዳቸውን ፊት የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። ቤት ውስጥ ቢወራ ኖሮ እዚያ ሲደርሱ ይህን ያህል እንግዳ አይሆኑም ነበር።

እስራኤል የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን በዚህ ብዙ ያስተምሩናል። ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች ተነስተው፣ ቀን እየተደበቁ፣ ሌሊት እየተጓዙ፣ በእግር ወደ ሱዳን የሄዱት በሺዎች ይቆጠራሉ። በኅዳር 1977 ዓ.ም. የተጀመረው የሙሴ ዘመቻ 8,000 ያህሉን ከሱዳን ወደ እስራኤል ወስዷል። 4,000 ገደማ ሰዎች ግን በመንገድና በሱዳን ካምፖች ሞተው ቀሩ። መጀመሪያ ላይ ይህ በየቤቱ የተያዘ ኀዘን ነበር። ዛሬ ኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ አላቸው፤ በየዓመቱም የመንግሥት ሥነ ሥርዓት ይደረግላቸዋል። ልጆችና የልጅ ልጆች አያቶቻቸው ስንት ሌሊት እንደተጓዙ፣ ማን ማንን እንዳዘለ ያወራሉ።

የአይሁድ ፋሲካ ማዕድ ራሱ ለዚህ የተሠራ ነው። ከግብፅ የመውጣቱ ታሪክ በየዓመቱ ይደገማል፤ የሚከፍተው ግን ልጅ ነው። ትንሹ ልጅ "ይህች ሌሊት ከሌሎቹ ሌሊቶች በምን ተለየች?" ብሎ ሳይጠይቅ ታሪኩ አይጀመርም። ይህን ሥርዓት በጣም እወደዋለሁ። ታሪኩ የሚቆየው የሚጠይቅ ሲኖር እንደሆነ አስቀድመው ገብቷቸዋል።

በተግባር እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። ለትንሽ ልጅ ከመትረፉ ይጀምሩ፤ "ደህና ደረስን" የሚለውን አስቀድሞ ይወቅ። የረዳችሁን ሰው ያንሱለት፤ ውኃ የሰጠችውን ሴት፣ ያሳለፈውን ጠባቂ። ዝርዝሩ እያደገ ሲሄድ ይመጣል። ያለፈበት ሰው ማውራት ካልፈለገ ደግሞ አያስገድዱት። "ስትፈልግ እሰማለሁ" ይበሉና ይተዉት። አንዳንዱ ለልጁ ያልተናገረውን ለልጅ ልጁ ይናገራል።

በየበዓሉ በእኔ ላይ የሚሳቅባት ታሪክ አለች። ይተዉልኝ ማለት እችላለሁ?

በደንብ ትችላለህ። በቤተሰብ ታሪክ መሳቅ ደስ የሚለው ባለታሪኩም አብሮ ሲስቅ ነው። አንድ ሰው አምስት ዓመቱ ላይ ሱሪው ላይ ስለሸና በሠላሳ ዓመቱ እጮኛው ፊት ሊዋረድ አይገባም። የልጅን ውፍረት፣ የትምህርት ድክመት፣ መንተባተብ የሚያነሳ ታሪክም እንዲሁ። "እናቴ፣ እሷን ተይልኝ፤ ያችን የዶሮዋን ንገሪያቸው" ማለት ብዙ ጊዜ ይሠራል። ሰው ፊት አትከራከር፤ ቀደም ብለህ ለብቻዋ ንገራት።

ልጆቼ ያደጉት ውጭ አገር ነው። አማርኛቸው ደካማ ነው። ታሪኩ አይጠፋም?

በገባቸው ቋንቋ ይንገሯቸው። ሰዎቹ የተናገሩትን ግን በአማርኛ ይተዉት። ታሪኩ በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ቢሄድም አያት "እሰይ የኔ ልጅ!" ያሉበት ቦታ እንዳለ ይሁን። ልጆች ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከነድምፁ ይዘው ያድጋሉ፤ ጭፈራ ቤትም ሠርግም ላይ ሲቀልዱባት ይሰማሉ።

አገር ቤት ላሉ አያቶች የድምፅ መልእክት ያስልኩ። ቴሌግራም ላይ ሦስት ደቂቃ የምትሆን ታሪክ ትበቃለች። ቪዲዮ ጥሪ ላይ "አያትን ሰላም በል" ሲባል ልጅ የሚለው ይጠፋዋል። "አባዬን በሬዎቹ የት እንደወሰዱት ጠይቃቸው" ሲባል ግን የሚለው አለው። ልጆቻቸውን አገር ቤት ትተው ዓረብ አገር የሚሠሩ እናቶችም በኢሞ ማታ ማታ ተረት የሚያወሩ አሉ። ሥራ ደክሟቸው፣ ድምፃቸውን ቀንሰው ያወራሉ። ለዚያ ልጅ እናትነት ማለት በዚያ ሰዓት እሱ ነው።

የሚያወራው ሰው ሲያርፍ ታሪኩስ?

ለቅሶ ቤት ጆሮ ሰጥቶ መቀመጥ ይገባል። በሠልስት፣ በአርባው፣ በተዝካሩ የሟች ጓደኞችና የሥራ ባልደረቦች ልጆቹ ፈጽሞ ያልሰሙትን ያወራሉ። አባትህ ያበደረው፣ ያስተማረው፣ ያስታረቀው ሰው ከሩቅ መጥቶ ይናገራል። ኀዘን ላይ ሆኖ መያዝ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ከዘመድ አንዱ የሰዎቹን ስምና ስልክ ቢጽፍ በኋላ ሄዶ መስማት ይቻላል።

ድሮ የሚያወራውንም ቦታ የሚወስድ ሰው ይገኛል። ብዙ ጊዜ ከጎኑ ተቀምጣ ስታርመው የነበረችው ናት።

ታሪኮቹን መቅዳት እንፈልጋለን። ከየት እንጀምር?

"ታሪክዎን ይንገሩኝ" ብላችሁ አትጀምሩ። አብዛኛው አዛውንት "ምን ታሪክ አለኝ ብለህ ነው ልጄ" ብሎ ይዘጋዋል። ከሚጨበጥ ነገር ጀምሩ። ፎቶ ቤት የተነሱትን የድሮ ፎቶ ዘርጉና "ይህ ኮት የማን ነበር?" በሉ። "የመጀመሪያ ደሞዝዎን ምን አደረጉበት?"፣ "ይህን ስም ያወጣልኝ ማነው፣ ለምን?"፣ "የሠርጋችሁ ዕለት ምን ተበላሸ?" እነዚህ ጥያቄዎች ረጅም መልስ ያመጣሉ። አዎ ወይም አይደለም የሚባልባቸውን ቀንሱ።

ብቻቸውን አታስቀምጧቸው። የሚያርማቸው ሰው፣ እህት ወይም የድሮ ጎረቤት፣ አጠገባቸው ቢኖር ታሪኩ በእጥፍ ይወጣል። ጊዜው ቡና ሲፈላ ቢሆን ይመረጣል፤ ከአቦል እስከ በረካ በቂ ሰዓት አለ። ቴሌቪዥኑን አጥፉ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ዘርግታችሁ አስቀምጡት፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ የሲኒው ድምፅ ንግግሩን ይሸፍነዋል።

መቅዳታችሁን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ተደብቆ የተቀዳ ነገር በኋላ ጠብ ያመጣል። ቲክቶክ ላይ ለመልቀቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ ያን ለብቻው አስፈቅዱ፤ ለልጆቼ ብሎ ያወራ ሰው ለአገር ሁሉ አላወራም። የፋይሉን ስም በተናጋሪው ስምና በቀኑ ሰይሙ። ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፤ ስለዚህ አንዱን ቅጂ ለሌላ ዘመድ ላኩ። ፎቶዎቹም ጀርባ ላይ የሰዎቹን ስም በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ፎቶውን ያበላሸዋል።